አንድ ካራት አልማዝ በኢንተርኔት ልታዝዝ ላሰብከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ «ለቀለበት የሚሆን አንድ ካራት ክብ አልማዝ በኢንተርኔት መርጫለሁ፤ የጂአይኤ (አልማዝ መርምሮ ደረጃ የሚሰጠው ተቋም) ወረቀቱ አቆራረጡን ‹ኤክሰለንት› ይለዋል፤ ይበቃል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አይበቃም። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ተቀምጬ ያችን አንዲት ቃል አምኜ ገንዘቤን አቃጥያለሁ።

1. ከቃሉ እለፍና በወረቀቱ ንድፍ ላይ ያሉትን አንግሎች አንብብ። «ኤክሰለንት» ሰፊ ደረጃ ነው፤ ድንቁም መካከለኛውም ይገባበታል። የላይኛው አንግል፣ ክራውን የሚሉት፣ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ፣ የታችኛው፣ ፓቪሊዮን የሚሉት፣ ከ40.6 እስከ 41 ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱን ለየብቻ አትያቸው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ማለት አለበት። የእኔ 35.5 እና 41.2 ነበር፤ ሁለቱም ከፍ ያሉ። እንዲህ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ዓይን ከመመለስ ይልቅ በታች በኩል ያመልጣል።

2. ካራት የክብደት መለኪያ እንጂ የስፋት አይደለም፤ ስለዚህ ወርዱን በሚሊሜትር ተመልከት። በደንብ የተቆረጠ አንድ ካራት 6.4 ወይም 6.5 ይሆናል። የእኔ 1.01 ካራት 6.35 ብቻ ነበር፤ ጥልቀቱ የወርዱ 62.8 በመቶ። ክብደቱ ሆዱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለነበር ለማይታይ አልማዝ ነው የከፈልኩት።

3. ቪዲዮው እንዳያታልልህ። በሻጭ መብራት ሥር የማያብረቀርቅ ድንጋይ የለም። እኔም በቪዲዮው ተማርኬ ገዛሁ፤ ዕቃው ሲደርስ ግን ሽማግሌ እስክልክ ድረስ ሳጥኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ቀለበቱ ሲወጣ ሰባት ሳምንት አልፎ ነበር፤ ዕቃውን ለሻጩ የመመለሻው ጊዜ ደግሞ 30 ቀን ብቻ። በሳሎኑ ብርሃን የአልማዙ መሃል ጠቁሮ አየሁት። እጮኛዬ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሻጩ ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ቁጥሮቹን ልትሰማ እንኳ አልፈቀደችም፤ «ወረቀቱ ኤክሰለንት ይላል፣ ሌላ የምንለው የለም» ብላ ዘጋችብኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ድንጋዩን በኪሳራ ሸጬ ሁለተኛውን ማንም ሳያግዘኝ መረጥኩ፤ 0.91 ካራት፣ 34.5 እና 40.8፣ ወርዱ 6.25። ከመጀመሪያው በወርድ ያለው ልዩነት አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ነው፤ ከአንድ ካራት በታች በመሆኑ ግን ዋጋው በጣም ወረደ። ከመክፈሌ በፊት አይዲያል ስኮፕ በሚባል የአልማዝ መመልከቻ የተነሳ ፎቶ እንዲልኩልኝ ጠየቅኩ። በዚያ መመልከቻ የሚመለሰው ብርሃን ቀይ፣ የሚያመልጠው ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የእኔ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። አሁን ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስትይዝ ጣቷ ላይ ሲንቦገቦግ አያለሁ።

አንተም ይህን ፎቶ ጠይቅ፤ እምቢ ካሉህ ሌላ ሻጭ ፈልግ። ዕቃው በደረሰ ቀን ሳጥኑን ክፈትና በመስኮት አጠገብም፣ በዛፍ ጥላም፣ በቤት አምፖልም እየው። ሁለቱን አንግሎች፣ ጥልቀቱንና ወርዱን እዚህ ጻፍልኝ፤ ዛሬ ማታ አይቼ እነግርሃለሁ።