መልስ፦ መሠረት ሲቆፈር የወጣ የጠላት ወታደር አጽም

ለቤት መሠረት ስትቆፍር የጠላት ወታደር አጽም ወጥቶ ምን ላድርግ ብለህ ጠይቀሃል። ቁፋሮውን አቁም እንጂ አፈር መልሰህ አትድፋበት። ጎረቤቶችህ «ጠላት ነው፣ ሙላበትና ቤትህን ሥራ» ማለታቸው አይገርምም፤ ሕጉ ግን ሬሳን ወገንና ጠላት ብሎ አይለይም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1949) የሞተ ጠላት እንዳይገፈፍ፣ በክብር እንዲቀበር፣ መቃብሩም ምልክት እንዲኖረው ያዛል።

1. ልጆቹን አርቅ። ቦምብ አብሮት ሊኖር ይችላል።
2. ሳትነካካ ፎቶ አንሣና ለቀበሌና ለፖሊስ አሳውቅ።
3. ቀይ መስቀልንም ጠይቅ፤ የጠፋ ሰው ማፈላለግ ሥራው ነው።

ለጎረቤቶችህ መቅደላን አስታውሳቸው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከአፄ ቴዎድሮስ አስከሬን የሸለቱት ጸጉር ከለንደን የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያንን ነውር ካልን በእኛ ጓሮ ሲሆን ምን ልንለው ነው?

አንድ ነገር ከልምድ ልንገርህ። እኛ ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ አጽም ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰወረው የቀበቶው ዘለበትና የኮቱ ቁልፍ ነው፤ «ለማስታወሻ» እየተባለ። ሟቹ የማን ልጅ እንደሆነ ሊናገር የሚችለው ግን ያ ዘለበትና ቁልፍ ነው። ቄስ ይጠራ ወይስ ሼህ የሚለው ክርክር ማንነቱ እስኪጣራ ይቆይ፤ ዘለበት ያነሣ ካለ ግን ዛሬውኑ ያምጣ።