ለጊዜው የቆመ ሥራ ለየትኛው ቀን ይቀጠር?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በጤና ጣቢያዎችና በትምህርት ቤቶች የኔትወርክ ዝርጋታ የሚያከናውን የዘጠኝ ሰዎች ቡድን አስተባባሪ ነኝ። ሥራችንን የምንከታተለው እያንዳንዱን ሥራ በጋራ ቦርድ ላይ እንደ ካርድ በሚያሳይ፣ ቀኑ ያለፈበትንም በቀይ በሚያመለክት ትሬሎ በተባለ ሶፍትዌር ነው። በአሁኑ ጊዜ በቦርዳችን ላይ ካሉት 40 ካርዶች መካከል 11ዱ ቆመዋል፤ አምስቱ ዕቃ ከጉምሩክ እስኪወጣ፣ አራቱ ደንበኛው የሕንፃ እድሳቱን እስኪጨርስ፣ ሁለቱ ደግሞ የአዲሱ በጀት ዓመት ገንዘብ እስኪለቀቅ የሚጠብቁ ናቸው። የማስረከቢያ ቀናቸውን እንዳለ ስተወው ቦርዱ በቀይ ይሞላል፤ ባልደረቦቼም ቀዩን ከመልመዳቸው የተነሣ በእርግጥ የዘገየውን ሥራ ጭምር ችላ ማለት ጀምረዋል። ቀኑን ሳጠፋው ደግሞ ሥራው ይረሳል። ሥራ አስኪያጃችን «ግምትም ቢሆን ቀን ስጠኝ» ይሉኛል። ለቆመ ሥራ ጊዜያዊ ቀን መስጠት ተገቢ ነው? ከሆነስ እንዴት?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀን መስጠት ተገቢ ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው፤ ነገር ግን ሥራው በቆመበት ቅጽበት የቀኑ ትርጉም መለወጥ አለበት። ችሎት መዝገብ ሲቀጥር የሚያደርገውን ያስታውሱ፦ ቀኑን ብቻ ጽፎ አያልፍም፤ «መልስ ለመቀበል»፣ «ምስክር ለመስማት»፣ «ብይን ለመስጠት» ብሎ ምክንያቱን አብሮ ይመዘግባል። የተቀጠረው ቀን ክርክሩ የሚያልቅበት ሳይሆን የሚቀጥለው እርምጃ የሚወሰድበት ነው። የቆመ ካርድም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቀጠሮ ነው። የእርስዎ ቦርድ የቀላው ሥራው ስለቆመ ሳይሆን፣ ሥራው ከመቆሙ በፊት የተሰጠ የማስረከቢያ ቃል አሁንም በካርዱ ላይ ስለተቀመጠ ነው።

በትሬሎ አንድ ካርድ የሚይዘው የማስረከቢያ ቀን አንድ ብቻ ስለሆነ የማስረከቢያ ቀንንና የቀጠሮ ቀንን የምንለየው ካርዱ በተቀመጠበት ዝርዝር ነው። «ቀጠሮ ላይ ያሉ» የሚል አንድ ዝርዝር ይክፈቱና 11ዱን ካርዶች ወደዚያ ያዛውሯቸው፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለ ቀን ሁሉ የመጠየቂያ ቀን እንጂ የማስረከቢያ ቀን እንዳልሆነ ቡድኑ ይስማማ። ከዚያም የካርዱን ርዕስ ይለውጡ። «የስዊች ተከላ፣ ሁለተኛ ፎቅ» ይል የነበረው ካርድ «የስዊች ተከላ፣ ሁለተኛ ፎቅ፤ ትራንዚተሩን ለመጠየቅ» ይባል፤ ትራንዚተሩ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣው ወኪል ነው። በመግለጫው ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ ሥራው ለምን እንደቆመ፣ የሚጠይቀው ሰው ማን እንደሆነ፣ ያቆመው ምክንያት ከተወገደ በኋላ ሥራው ስንት የሥራ ቀን እንደሚፈጅ። የሚጠይቀው ሰው የካርዱ አባል ሆኖ ከተመዘገበ ትሬሎ ቀኑ ሲቃረብ እርሱኑ ያስታውሰዋል። ቀኑ ደርሶ ማንም ሳይጠይቅ ካለፈ ካርዱ ይቅላ፤ ያ ቀይ የሚያመለክተው በእጃችን ላይ የነበረን ጥፋት ስለሆነ ሊታይ ይገባዋል።

ከሦስቱ ነጥቦች ይበልጥ የምጠነቀቅለት የመጨረሻው ነው። ዕቃው ከጉምሩክ መቼ እንደሚወጣ እርስዎ አይወስኑም፤ ዕቃው በእጅዎ ከገባ በኋላ ግን ተከላው አምስት ቀን እንደሚፈጅ ያውቃሉ። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጅዎ «ዕቃው በወጣ በአምስት የሥራ ቀን እናስረክባለን፤ ስለ መውጫው የፊታችን ረቡዕ እንጠይቃለን» ቢሏቸው ሙሉ እውነት ነው፤ እቅድም ሊያወጡበት ይችላሉ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለቆመ የጄኔሬተር ገመድ ሥራ በግምት አንድ ቀን ጽፌ ነበር። ግምት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አዲስ የገባ ባልደረባዬ ቀኑን ከቦርዱ አንብቦ ለደንበኛው ነገራቸው፤ ደንበኛውም በዚያው ቀን የምረቃ ዝግጅት አሰናድተው ጠበቁን። ባልደረባዬ ያነበበው የተጻፈውን ነውና ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «ታሳቢ» የሚል ምልክት የሌለበትን ግምት በጋራ ቦርድ ላይ አላስቀምጥም።

ሌሎች ሶፍትዌሮችም ለዚህ ጉዳይ የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። በጂራ አንድ ካርድ ላይ ባንዲራ (የእንቅፋት ምልክት) ሲደረግበት በቦርዱ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ይህ መቆሙን ይነግረናል እንጂ መቼ እንደሚታይ አይነግረንም፤ ቀኑን ለብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ይበልጥ የታሰበበት ነው። ከ2010 እትሙ ጀምሮ በእጅ በሚቀጠር፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ቀኑን በራሱ በማያሰላለት ሥራ የቀን ሳጥን ውስጥ ከቀን ይልቅ «በጀት ሲለቀቅ» የሚል ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል፤ የግምት የሆነ የሥራ ርዝመትም ከቁጥሩ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ይደረግበታል። በፕሮፌሽናል እትሙ ደግሞ ሥራን ሳይሰርዙ ከስሌት ማውጣት ይቻላል፦ ሥራው በላዩ መስመር ተሰምሮበትና ደብዝዞ ይታያል፣ ነገር ግን የሌሎችን ሥራዎች ቀን አይገፋም፣ የሠራተኛውንም ጊዜ አይይዝም። ትሬሎ ይህን ስለማይሠራልዎ የሳምንቱን ሥራ ሲያከፋፍሉ በቀጠሮ ላይ ያሉትን ካርዶች በማንም ጫና ላይ አይቁጠሩ። በቆመ ሥራ ስም ተይዞ የሚውል ቴክኒሺያን ካለዎት ሌላ ሥራ ይስጡት።

ቀኑን እንዴት እንደሚመርጡ ደግሞ ምክንያቱ ይወስናል። የጉምሩኩን በየሳምንቱ መጠየቅ ይበቃል። ለሕንፃ እድሳቱ በስልክ ከመጠየቅ ሰው ልኮ ማየት ይሻላል፤ ቀለም ያልደረቀበት ግድግዳ ላይ ገመድ አይዘረጋም፣ በስልክ ደግሞ ሁሉም ሕንፃ «አልቋል»። በበጀቱ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሐምሌ 1ን በመጻፍ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 መከፈቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ገንዘቡ እስከ ግዢ ክፍሉ ጠረጴዛ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ለሐምሌ አጋማሽ «ግዢ ክፍልን ለመጠየቅ» ብለው ይቅጠሩት።

እግረ መንገዴን አንድ የቀን አጻጻፍ ስሕተት ላንሳ። ሐምሌ 11ኛው ወራችን ስለሆነ በማስታወሻ ላይ «1/11» ተብሎ ይጻፋል፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚያስገባው ሰው ግን ኖቬምበር 1 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ትክክለኛው ጁላይ 8 ነው፤ ካርዱ አራት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ተኝቶ ይከርማል። የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ።

ቀጠሮም ገደብ ይኑረው። አንድ ካርድ ሦስት ጊዜ ተቀጥሮ ምክንያቱ ካልተወገደ ጉዳዩ ከእርስዎ እጅ ወጥቶ ለሥራ አስኪያጅዎ ይቅረብ፤ ዕቃው በሌላ ይተካ፣ ውሉ ይሻሻል ወይም ሥራው ይዘጋ የሚለውን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። በዚህ ሳምንት በጉምሩክ ከተያዙት አምስት ካርዶች ይጀምሩ፤ አምስቱም የሚጠብቁት አንድ ጭነት ከሆነ አንድ ካርድ ብቻ ይቀጠር፣ አራቱን ከእርሱ ጋር በማያያዣ ያገናኟቸው፤ ትራንዚተሩም ስለ አንድ ጭነት አምስት ጊዜ አይደወልለትም።