ሕፃናትን ስለ ግንባታ ስናስተምር፦ «ክብደቱ ወዴት ይሄዳል?»

የአምስትና የስምንት ዓመት ልጆቻቸው ቤትና ድልድይ እንዴት እንደሚቆም እየጠየቁ ስላስቸገሯቸው፣ ውድ የመገጣጠሚያ መጫወቻ መግዛት ይሻል እንደሆነ ለጠየቁን የኮምቦልቻዋ እኅታችን፤ ደሴ ውስጥ በግንባታ ሥራ የቆየሁና የሰፈራችንን ልጆችም የማስተምር በመሆኔ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

መጫወቻው አያስፈልግም። አድሮ የራሰ ሽምብራና ስቴኪኒ ይበቃል። የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት መሥራች የሚባለው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤልም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕፃናትን በራሰ አተርና በቀጫጭን እንጨት ቅርጽ ያሠራ ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ አራት ማዕዘን ሠርተው ጎኑን በጣታቸው ይግፉት፤ ወዲያው ይዘማል። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ እንጨት ሲጨምሩበት (ሰያፉ ከጎኖቹ ስለሚረዝም ስቴኪኒ አይደርስም፣ ረዘም ያለ ሰበዝ ያዘጋጁ) ቅርጹ ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጸንቶ ይቆማል። የቆርቆሮ ጣሪያን የሚሸከሙት እንጨቶች ለምን በሦስት ማዕዘን እንደሚገጣጠሙ ከዚህ በኋላ ማብራራት አይከብድም።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው የድጋፍ ግንብን፣ ማለትም የተዳፋት አፈር እንዳይናድ የሚይዘውን ግንብ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ልጆች ግንቡን በየመንገዳቸው ያገኙታል፤ ከግንቡ ፊት ብቅ ብቅ ያሉት ቱቦዎች ለምን እንደተቀበሩ ግን የሚነግራቸው የለም። ሳፋ ውስጥ ከጀሪካን የተቆረጠ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ አቁመው ከፊቱ በትንንሽ ድንጋይ ያስደግፉት፤ ከጀርባው አፈር ይሙሉና ውሃ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። አፈሩ ብቻውን ሳለ የቆመው ፕላስቲክ፣ የተጠራቀመው ውሃም ሲገፋው ወደ ፊት ያዘነብላል። ቀጥሎ ከታች በኩል ቀዳዳ አብጅተው ይድገሙት፤ ውሃው መውጫ ስላገኘ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የግንቡ ቱቦዎችም ሥራ ይኸው ነው። ውሃውን ከማፍሰስዎ በፊት ግን «ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብለው መጠየቅዎን አይርሱ፤ ልጅ ገምቶ ያየውን አይረሳውም።

ለአምስት ዓመቱ ልጅ መግፋትንና መሳብን መለየት በቂ ነው። የስምንት ዓመቱ ግን ስለ ፌሮም (ኮንክሪት ውስጥ ስለሚቀበረው ብረት) ሊረዳ ይችላል፦ ወፍራም ስፖንጅ ጎን ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች አስምረው፣ ሁለቱን ጫፎች አስደግፈው መሐሉን ሲጫኑት መስመሮቹ ከላይ ይጠጋጋሉ፣ ከታች ይራራቃሉ። ኮንክሪት ሲጨመቅ ጠንካራ፣ ሲሳብ ግን ደካማ ስለሆነ በሁለት ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ላይ ያረፈ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) መሐል ላይ ዋናው ፌሮ ከታች ይገባል። ወደ ውጭ በወጣ በረንዳ ላይ ግን የሚሳበው የላይኛው ወገን ስለሆነ ፌሮው ከላይ ይሆናል፤ ይህን ራሱ ልጁ ስፖንጁን ከአንድ ጫፍ ይዞ እንዲያገኘው ይተዉት።

በሥራ ላይ ወዳለ ሕንፃ ልጆችን ይዘው አይግቡ፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ማየት ይበቃል። ግንበኛው ቱንቢ ሲጥል ካዩ፣ ቤት ገብተው ክር ላይ ድንጋይ አስረው የበራችሁ መቃን ቀጥ ማለቱን ይለኩ።