ቀንድ የመሰለው ድንጋይ

ጥያቄ፦ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ጣት የሚያክል፣ ጫፉ የሾለ፣ ቀንድ የሚመስል ነገር አወጣሁ። በሰፊው አፉ ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱ መስመሮች አሉት። የእንስሳ ቀንድ ይሆን? ቆሻሻው እንዲለቅ አቼቶ ውስጥ ባሳድረው ደግሞ መስመሮቹ ደበዘዙ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ቀንድ አይደለም። እንደገለጹት ከሆነ ሩጎዛ የሚባለው የጠፋ የኮራል (ድንጋይ መሰል ቤት የሚሠራ የባሕር እንስሳ) ወገን ቅሪት ሳይሆን አይቀርም። መስመሮቹ ለስላሳው እንስሳ ያረፈባቸው ስስ ግድግዳዎች ናቸው፤ ቀንድ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ሩጎዛዎች ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በፐርሚያን ዘመን ማብቂያ በደረሰው ታላቅ እልቂት ጨርሰው ጠፍተዋል። በዚያው ዘመን የጠፋው ታቡላታ የተባለው ወገን ግን ሁልጊዜ በጋራ የሚኖር ስለነበር ብዙውን ጊዜ የማር እንጀራ ወይም ሰንሰለት ይመስላል እንጂ ነጠላ ቀንድ አይሆንም።

ዛሬ ባሕር ውስጥ ካሉት ኮራሎችም ነጠላ ሆነው የሚያድጉ ስላሉ ግድግዳዎቹን ልብ ብለው ይዩ። ሩጎዛም የዛሬዎቹም በስድስት ግድግዳ ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የዛሬዎቹ በስድስቱም ክፍተቶች አዳዲስ ግድግዳ ሲጨምሩ፣ ሩጎዛ የሚጨምረው በአራቱ ብቻ ነው።

አቼቶው የጎዳው ኮራሉም ዙሪያው ያለው ድንጋይም ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆኑ ነው። አሲድ ሁለቱን አይለይም፤ ቀድመው የሚያልቁትም ስሶቹ ግድግዳዎች ናቸው። በአሲድ ማጽዳት የሚያዋጣው ኮራሉ ወደ ሲሊካ (እንደ አሸዋ ያለ ጠንካራ ማዕድን) ተለውጦ ሲገኝ ብቻ ነው። ያኔ በቢላ አይጫርም፣ የአሲድ ጠብታም አረፋ አያስወጣበትም። አሁን ውሃውን ደጋግመው እየቀየሩ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያቆዩት። ከዚህ በኋላ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና የእንጨት ስንጥር ይበቃሉ፤ የሽቦ ብሩሽ በፍጹም።

የተበላው ገጽ አይመለስም፤ ውስጡ ግን ደህና ነው። ሰፊውን ጫፍ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተዘረጋ ቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ400፣ ከዚያ በ600 ይሞርዱት። ወረቀቱ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ቁጥር በቀየሩ ቁጥር ድንጋዩን ይጠቡት፤ የቀረ አንድ ሻካራ ቅንጣት ሥራዎን ሁሉ ይጭረዋል። ጭረት ካዩ ወደ ቀደመው ቁጥር ይመለሱ። በመጨረሻ ውሃ አርሰው 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይመልከቱት።

የውጭ ቆዳውን ግን አይንኩት! በላዩ ያሉት ቀጫጭን ቀለበቶች የዕለት ዕድገት ምልክቶች ናቸው ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1963 የቅሪተ አካል ተመራማሪው ጆን ዌልስ ከፐርሚያን ቀድሞ በነበረው በዴቮንያን ዘመን ኮራሎች ላይ ሲቆጥር በዓመት 400 ያህል አግኝቷል። ያኔ ምድር ፈጥና ስለምትሽከረከር ቀኑ 22 ሰዓት ገደማ ነበር ማለት ነው።