ለውድድር ፕሮግራም መለያ ሙዚቃ ከላይብረሪ መውሰድ፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን ለቡድኑ ያቀረቡትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብሁት። ለሚያዘጋጁት የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ ውድድር መለያ ሙዚቃ በትእዛዝ ለማሠራት በጀቱ አልበቃ ስላላቸው፣ ከሙዚቃ ላይብረሪ የተዘጋጀ ሥራ በፈቃድ ቢወስዱ ፕሮግራሙ የሰው ልብስ የለበሰ ይመስል እንደሆነ፣ በውጭ አገር የታወቁት ፕሮግራሞችስ እንዲህ ያደርጉ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በድምፅ ኤዲተርነት በቆየሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ሦስት የውድድር ፕሮግራሞችን ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ድምፅ አልብሻለሁ። በሁለቱ የላይብረሪ ሙዚቃ ተጠቅመናል፤ በአንደኛው ደግሞ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝን ስሕተት ሠርቻለሁ። ስለዚህ መልሴ ረዘም ቢል ይታገሡኝ።

እውነት ነው፣ ታላላቆቹም ያደርጉታል። ከማውቃቸው ሁሉ የላቀው ምሳሌ የቢቢሲው የጥያቄና መልስ ውድድር «ማስተርማይንድ» ነው። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1972 ሲጀምር መለያው ያደረገው የኒል ሪቻርድሰንን «አፕሮቺንግ ሜናስ» ሲሆን፣ ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «እየቀረበ ያለ አደጋ» እንደ ማለት ነው። ሙዚቃው ለዚያ ውድድር ታስቦ አልተጻፈም፤ ኬፒኤም የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ላይብረሪ ለፊልምና ለቴሌቪዥን አዘጋጆች ካከማቻቸው ቅጂዎች አንዱ ነበር። የፕሮግራሙ ፈጣሪ ቢል ራይት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ አየር ኃይል ሲዋጋ ተማርኮ በናዚ ጀርመን ምስጢራዊ ፖሊስ፣ በጌስታፖ፣ የተመረመረ ሰው ነው። በጨለማ አዳራሽ መካከል አንድ ጥቁር ወንበር፣ ከላይ የሚወርድ ብርሃን፣ ያለ ፋታ የሚጠይቅ ሰው፤ ይህ ሁሉ ከዚያ የምርመራ ክፍል የመጣ ነው። ምርኮኛው ስሙን፣ ማዕረጉንና መለያ ቁጥሩን ይናገር እንደነበረ ሁሉ፣ ተወዳዳሪውም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስሙን፣ ሥራውንና የመረጠውን የጥያቄ ርእስ ይናገራል። ለእንዲህ ያለ መድረክ ደስ የሚል የጨዋታ ዜማ ቢሰጡት ኖሮ ወንበሩ ተራ ወንበር ሆኖ ይቀር ነበር። መራጮቹ የሰሙት ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ልብ ነው። ይህ ምርጫ እስከ ዛሬ ሲደነቅ ይኖራል፤ ሙዚቃው «የተዋሰ ነው» ብሎ የሚያማው ተመልካች ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

የላይብረሪ ሙዚቃ አሠራር ለማያውቁት አባላት በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ኩባንያ አቀናባሪና ሙዚቀኛ ቀጥሮ ማንም ሳያዝዘው ሙዚቃ ያስቀርጻል፤ የዜማውንም የቅጂውንም መብት ራሱ ይይዛል። ከለንደኖቹ አንዱ የሆነው ደ ዎልፍ በዚህ ንግድ የተሠማራው እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ፣ ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን፣ በሲኒማ አዳራሽ ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች ኖታ በማቅረብ ነው። ለፕሮዲውሰሩ ጥቅሙ ድርድሩ ከአንድ በር ጋር ብቻ መሆኑ ነው። በገበያ ላይ የዋለ ዘፈን ሲሆን ግን የዜማው ባለቤት ሌላ፣ የቅጂው ባለቤት ሌላ ይሆንና ሁለት ቦታ መለመን ይመጣል። የአሜሪካኑ የቴሌቪዥን ውድድር «ማች ጌም» እ.ኤ.አ. በ1962 ሲጀምር የበርት ካምፕፈርትን የታወቀ የሸክላ ቅጂ በመለያነት ተጠቅሟል፤ ያ መንገድ ለትልቅ ጣቢያ እንጂ ለእኛ ዓይነቱ አቅም አይመከርም።

አሁን የሚያሳስበውን ላንሣ። ላይብረሪው ለእርስዎ የሸጠውን ለሌላውም ይሸጣል። አለን ሆክሾው የተባለው እንግሊዛዊ አቀናባሪ «ቺክን ማን» የሚል አንድ የላይብረሪ ሥራ ነበረው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1978 ለተማሪዎች ሕይወት ተከታታይ ድራማው ለ«ግሬንጅ ሂል» ወሰደው። በዓመቱ ተፎካካሪው አይቲቪ፣ ተወዳዳሪዎች ቃል ሳይተነፍሱ በእጅና በፊት እንቅስቃሴ ብቻ የፊልምና የመጽሐፍ ስም ለሚያስገምቱበት «ጊቭ አስ ኤ ክሉ» ያንኑ ዜማ በሌላ ቅንብር አቀረበው። ሁለት ተቀናቃኝ ጣቢያዎች በአንድ ዜማ መከፈታቸው ነው። የጆኒ ፒርሰን «ሄቪ አክሽን»ም በእንግሊዝ የስፖርተኞች ውድድር የ«ሱፐርስታርስ» መለያ ሆኖ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከሰኞ ምሽት የአሜሪካ እግር ኳስ ስርጭት ጋር ተቆራኝቷል። እነዚያ በውቅያኖስ ስለተለያዩ አልተጋጩም። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ይኸው ሆክሾው እ.ኤ.አ. በ1982 ቻናል ፎር የተባለው የእንግሊዝ ጣቢያ ሥራ የጀመረበትን የ«ካውንትዳውን» ውድድር መለያ ሙዚቃ በትእዛዝ ሲሠራ የ30 ሰከንዱን የሰዓት ሙዚቃም አብሮ መሥራቱ ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ዜማውም ይዘጋል፤ ተወዳዳሪው ቀና ብሎ ሳያይ ጊዜው እንዳለቀ ይሰማዋል። የትእዛዝ ሥራ ትልቁ ብልጫ ይህ ነው፤ ከጨዋታው ሕግ ጋር ተለክቶ ይሰፋል።

የእኔ ስሕተት የመጣው ከችኮላ ነው። የመጀመሪያው ውድድራችን ለአየር ሊበቃ አራት ቀን ሲቀረው መለያ ሙዚቃ አልነበረንም። ወርኃዊ ክፍያ ከሚጠይቅ የኢንተርኔት ላይብረሪ ገብቼ «የጥያቄ ውድድር» በሚለው ክፍል ሥር ከላይ ሦስተኛ የተቀመጠውን አውርጄ አስገባሁ። ደማቅ ነበር፤ ሁሉም ወደደው። በዘጠነኛው ሳምንት መክፈቻችን ካለፈ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ በራሳችን የማስታወቂያ እረፍት ውስጥ፣ ያው ሙዚቃ ያው ቅንብር በአንድ የምርት ማስታወቂያ ላይ ተሰማ። የከፋው ደግሞ ምርቱ የስፖንሰራችን ተፎካካሪ መሆኑ ነው። ስፖንሰሩ በዚያው ምሽት ደውሎ «ፕሮግራሙን ለማን ሸጣችሁት?» ሲለን የምንመልሰው አልነበረንም፤ ማስታወቂያውን የሠሩት ሰዎች ከእኛ እኩል ፈቃድ ነበራቸውና። ቆይቶ ደግሞ አንድ ድምፃዊ በዚያው ሙዚቃ ላይ ግጥም ጨምሮ ዩቲዩብ ላይ የራሱ አድርጎ አስመዝግቦ ስለነበር፣ የእኛ ክፍሎች በሙሉ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣባቸው። የፈቃድ ወረቀቱን ማን እንዳስቀመጠው ስንፈልግ ሳምንት አለፈ። ከላይ የተደረደረውን የሚያነሣ እኔ ብቻ አለመሆኔን ያኔ ልገነዘብ ይገባኝ ነበር።

በሁለተኛው ፕሮግራም አሠራሬን ለወጥሁ። «የጥያቄ ውድድር» የሚለውን ክፍል ከነጭራሹ አልከፈትሁም። የሙከራ ቀረጻውን ወስጄ፣ አንዲት ተወዳዳሪ ጥያቄው እየተነበበላት መዳፏን ጉልበቷ ላይ ስታሻሽ የሚታይበትን ሃያ ሰከንድ ቆርጬ አወጣሁ፤ በዚያ ምስል ሥር አሥራ አራት ሙዚቃዎችን አንድ በአንድ አስገብቼ ሰማሁ። አሥራ ሦስቱ መዳፏን ሸፈኑት። አንዱ፣ ለዘጋቢ ፊልም ተብሎ የተመደበ፣ የክራር ወፍራም ጅማት የመሰለ ድምፅ በዝግታ የሚመታበት ሥራ፣ ዓይኔን ወደ መዳፏ መለሰው። ያንን መረጥን። ከዚያ በኋላ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ለግማሽ ቀን ስቱዲዮ አስገብተን በመክፈቻው ላይ ስድስት ሰከንድ የምትሆን ዜማ ጨመርን። ፈቃዱ ድምፅ መጨመርን እንደሚያካትት አስቀድመን በጽሑፍ አረጋግጠናል፤ ይህን የማይፈቅዱ ላይብረሪዎች አሉና። ከዚያ ወዲያ ሙዚቃው ሌላ ቦታ ቢሰማ እንኳ የእኛን የሚለየው ማሲንቆው ነበር፤ ልጆች በየሰፈሩ ሲያንጎራጉሩ የሰማሁትም ያቺኑ ስድስት ሰከንድ ነው።

ለእርስዎ የምመክረው እንግዲህ ይህን ነው። መክፈቻውን ብቻ አይዩ። ውድድር ሲባል ትክክለኛ መልስ ሲመለስ፣ ሲሳሳቱ፣ ሰዓት ሲቆጠር፣ ነጥብ ሲነገር፣ አሸናፊ ሲታወቅ የሚገቡ አጫጭር ድምፆች ሁሉ ከአንድ ቤት የወጡ መምሰል አለባቸው። ስለዚህ ሙሉውን፣ 60 ሰከንዱን፣ 30 ሰከንዱንና አጫጭር መዝጊያዎቹን አብሮ የሚሰጥ፣ ከተቻለም የከበሮውን፣ የባሱንና የዜማውን ትራክ ለየብቻ የሚያቀርብ ሥራ ይምረጡ። ትራኮቹ ከተለያዩ፣ አቅራቢው ሲናገር ዜማውን አጥፍቶ ባሱን ብቻ ማስቀረት ይቻላል፤ የሰዓት ቆጠራውንም ከከበሮው መሥራት ይቻላል። በእኔ እምነት ገንዘብ ማውጣት ካለብዎ ለዚህ ያውጡ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ፈቃዱ ቴሌቪዥንን፣ ዩቲዩብን፣ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን የሚያዩትን የሳተላይት ስርጭትና የድጋሚ ስርጭቱን አንድ በአንድ የሚጠቅስ ይሁን። «ለኢንተርኔት ብቻ» የሚል ርካሽ ፈቃድ ገዝቶ በአየር ላይ ማዋል ይበዛል፤ ትክክል አይደለም። ወርኃዊ ክፍያው ሲቋረጥ ቀድሞ የተሠሩት ክፍሎች ፈቃድ ይጸና እንደሆነም ይጠይቁ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃውን ደራሲና የቅጂውን አዘጋጅ መብት ለየብቻ ስለሚጠብቅ፣ ላይብረሪው ሁለቱንም እንደያዘ የሚያረጋግጥ አንድ መስመር በውሉ ውስጥ ያስገቡ። በየክፍሉ የገባውን ሙዚቃ ስም፣ አቀናባሪውንና የቆየበትን ሰከንድ የሚመዘግብ ኪው ሺት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይያዝ፤ ለሙዚቃ ደራሲዎች ክፍያ የሚሰበስቡ የመብት ማኅበራት ጠንክረው በሚሠሩባቸው አገሮች አቀናባሪው ከስርጭቱ የሚያገኘው ክፍያ የሚሰላው በዚያ ነው፤ ያን ሙዚቃ የጻፈው ሰው ድካሙ ሊቆጠርለት ይገባል።

ሁለት ሦስት ሥራ ከመረጡ በኋላ፣ ተወዳዳሪ በሚታይበት በማንኛውም የሙከራ ምስል ላይ አስገብተው ወደዚህ ቡድን ቢልኩልን ደስ ይለኛል። የላይብረሪውን የፈቃድ ገጽም አብረው ቢያያይዙልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አንብቤው የሚጎድለውን አንቀጽ እጽፍልዎታለሁ።