«ከተከራያችን ክፍል ሽታ ሲመጣ ደሜ ይቀዘቅዛል»

ጥያቄ፦ «እንደምን አሉልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሰሞኑን ባለቤቴና ልጆቹ ሲተኙ፣ ስለዚያ ጄፍሪ ዳመር ስለሚባለው አሜሪካዊ ነፍሰ ገዳይ የተሠራውን ተከታታይ ፊልም በፍላሽ አስጭኜ እያየሁ ነበር። ግቢያችን ውስጥ አንድ ወንደላጤ ተከራይ አለ። ዝምተኛ ነው፣ ሰላም የሚለን እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው። አንድ ማታ ከክፍሉ መጥፎ ሽታ መጣና ደሜ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ወደ እሱ በር አላስጠጋም። ሌሊት እየተነሳሁ መቀርቀሪያውን አያለሁ፣ ዘነዘና አልጋዬ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው። ሽታው የዓሣ መሆኑ ሲታወቅ ባለቤቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ። አሁን ደግሞ ‹ደም ማየት ሱስ ሆነብሽ፣ ልጁን ልታስወጪው ነው› እያለ ይቆጣኛል፤ ተኳርፈናል። ከዚያ ከተኩሱ ጊዜ ወዲህ እንቅልፌም ደህና አይደለም። ከፊልሙ ሁለት ክፍል ቀርቶኛል። ልጨርሰው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ እህቴ፣ አላበድሽም። ከዚህ እንጀምር።

አልዋሽሽም፣ ዘነዘናው ጋ ስደርስ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ደግሜ ሳነበው ግን ፈገግታው ጠፋ። ፊልም ስላየ ብቻ ዘነዘና ይዞ የሚተኛ ሰው ብዙ አላውቅም።

መጀመሪያ የሽታውን ነገር እንጨርስ። የአምባዛ አንጀት በፌስታል ተቋጥሮ በባሕር ዳር ሙቀት አንድ ቀን ካደረ ግቢውን ሁሉ ያስለቅቃል፤ ይህን የጣና ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን ለሳምንታት ሌሊት ሌሊት ያየሽው ፊልም ሽታን የግድያ ምልክት አድርጎ አስተምሮሻል። አእምሯችን ደግሞ አንድ አደጋ ምን ያህል ያጋጥማል ብሎ ሲገምት ቁጥር አይቆጥርም፣ ቶሎ ትዝ ያለውን ነው የሚያነሳው። ለአንቺ ቶሎ ትዝ የሚልሽ ዳመር ነው። ዓሣው ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ደግሞ «እውነተኛ ታሪክ» ስለተባለ ሁሉም እንዳለ የተፈጸመ እንዳይመስልሽ። ሰውየው እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1991 ድረስ 17 ወንዶችንና ታዳጊዎችን ገድሏል፣ ይህ እውነት ነው። ፊልሙ ላይ ግን ሽታው እየመጣባት የምትሰቃየው ጎረቤቱ ግሌንዳ ክሊቭላንድ ከግድግዳው ማዶ ነው የምትኖረው። እውነተኛዋ ግሌንዳ የምትኖረው በአጠገቡ ባለ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ድራማው እንዲያምር አቀራረቧት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ከሟቾቹ ቤተሰቦች መካከል «ማንም አልጠየቀን፣ ቁስላችንን ነው የቀሰቀሳችሁት» ብለው የተቆጡ ነበሩ። እኔም ይህ ነገር ይከነክነኛል፤ ብዙው ተመልካች የገዳዩን ስም ያውቃል፣ ከ17ቱ የአንዱን ስም ጥራ ብትዪው ግን ዝም ነው።

የግሌንዳ ታሪክ ግን ሊታይ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ግንቦት ልጇና አንዲት የቅርብ ዘመዷ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ራቁቱን መንገድ ላይ ሲንገዳገድ አግኝተው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶቹ መጡ፣ ዳመር «ጓደኛዬ ነው፣ 19 ዓመቱ ነው» ሲላቸው አምነው ልጁን መልሰው ሰጡት። ግሌንዳ ደጋግማ ደወለች፤ የሰማት የለም። ልጁ ያንኑ ሌሊት ተገደለ። ግሌንዳን ያስደወላት በዓይን የታየ ነገር ነው እንጂ የሰውየው ዝምታ አይደለም። ሰው ዝምተኛ መሆኑ ምንም አይነግርሽም፤ ዝምተኛማ አገሩ ሙሉ ነው። ለልጆችሽ «የተከራዩ በር ጋ አትድረሱ» ከማለት «ማንም ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ለእናታችሁ አትንገሩ ካላችሁ ሮጣችሁ ንገሩኝ፣ አልቆጣም» በያቸው። ልጅን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ሰው ነውና።

አሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወዳለፍሽው ጉዳይ እንምጣ። «ከተኩሱ ጊዜ ወዲህ» ብለሽ ሄድሽ! በእኛ አቆጣጠር በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ከተማችን ውስጥ ውጊያ ሲሆን እኔም እዚሁ ነበርኩ። ልጆች ከመስኮት ርቀው ወለል ላይ ተነጥፎላቸው፣ ትልቁ ሰው ጆሮውን አቁሞ፣ አሁን የተተኮሰው ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ እያለ የሚያድርበት ሌሊት እንዲህ በቀላሉ ከሰውነት አይወጣም። ያ ፍርሃት መልክ የለውም፣ መቼ እንደሚያልቅም አይታወቅም። ዳመር ግን መልክ አለው፣ ስም አለው፣ በ10 ክፍል ያልቃል፣ ሪሞቱም እጅሽ ላይ ነው። ያልተያዘውን ፍርሃት በሚያዝ ፍርሃት መለወጥ ነው የያዝሽው፤ እንደኔ ግምት ሌሊት ሌሊት የሚጎትትሽ እሱ ነው። ደም መውደድ አይደለም። ደግሞም እውነተኛ የወንጀል ታሪኮችን ከወንዶች ይልቅ ሴቶች እንደሚወዱ በጥናት ታይቷል፤ አንዱ ምክንያት «እኔን ቢገጥመኝ እንዴት አመልጣለሁ» የሚለውን መማር ነው ይባላል። ይህን ባለቤትሽ ያንብብልኝ።

ለእሱ ስለ ፊልሙ መከራከርሽን ተዪው፣ አታሸንፊውም። «ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሌሊት ኮሽ ባለ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ ብቻዬን ነው የምነቃው» በይው። ምናልባት እሱም ነቅቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያድረው፤ ወንዶቻችን ይህን መናገር ይከብዳቸዋል።

ተከራዩን ለቡና ጥሪው። መሸሽሽን ሳያውቅ አልቀረም። የጠረጠርሽውን መናዘዝ አያስፈልግም፣ «የዓሣውን ትራፊ ማታውኑ አውጣልን» ማለት ግን መብትሽ ነው። ለዚያ ቡና ዘነዘናውን ከአልጋው ሥር ማውጣትሽ አይቀርም።

ቅዠቱ፣ መደንገጡ፣ በር ማየቱ ከወር በላይ ከቆየ (የአንቺ የቆየ ይመስለኛል) ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ሂጂ። ፊልም አይቼ ፈራሁ ሳይሆን ከተኩሱ ጀምረሽ ንገሪያቸው።

የቀሩሽን ሁለት ክፍሎች በተመለከተ፣ አትዪ አልልሽም። ዳመር እ.ኤ.አ. በ1991 ሐምሌ አንድ ሰው አምልጦ ፖሊስ ስላስቆመ ተያዘ፣ ሕንፃው በ1992 ፈረሰ፣ እሱንም በ1994 እስር ቤት ውስጥ ሌላ እስረኛ ገደለው። ስለዚህ ልብ የሚሰቅል ነገር የለውም፣ ሌሊት የሚያስነሳም። ካየሽው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባለቤትሽ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ይሁን። መሃል ላይ ቢያንኮራፋም አትቀስቅሺው።