መልስ፦ ያረጀ የቦውሊንግ ኳስ ስለማጽዳት

ከደብረ ማርቆስ የጻፉልን ወንድሜ፣ አጎትዎ ከውጭ አገር ያመጡልዎት የቦውሊንግ ኳስ (ወለል ላይ እየተንከባለለ የቆሙ ዒላማዎችን የሚጥል ከባድ የመጫወቻ ኳስ) ለዓመታት ዕቃ ቤት ተቀምጦ እንደደበዘዘና ሲይዙት እንደሚጣበቅ ገልጸው፣ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ) ላጽዳው ወይ ብለው ጠይቀዋል። አሴቶን የኳሱን ልባስ ስለሚያለሰልስ እንዳይነኩት አደራ እላለሁ።

የሚጣበቀው ነገር ብዙውን ጊዜ ኳሱ ዘይት ከሚቀባው የመጫወቻ ወለል የመጠጠው ዘይት ነው፤ በተለይ ሪአክቲቭ ሬዚን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ኳስ ላዩ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ አስቀድመው በአልኮል በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉት፤ ከዚያም የጣት ቀዳዳዎቹን ውኃ በማያስገባ ፕላስተር ደፍነው፣ እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃና በፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ባልዲ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉት። እኔ ባሕር ዳር አንድ አሮጌ ኳስ ሳጸዳ፣ ቢጫ ዘይት ወጥ ላይ እንደሚንሳፈፈው ሆኖ ውኃው ላይ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ዘይቱ መውጣቱን እስኪያቆም ውኃውን እየለወጡ ይድገሙት። ቶሎ ይድረቅ ብለው ግን ፀሐይ ላይ ወይም እሳት አጠገብ አያስቀምጡት፤ ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል።

ጭረቱን ለማጥፋት የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ውኃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት ገዝተው፣ ከ500 ቁጥር ጀምረው በ1000 እና በ2000 ኳሱን እያረጠቡና እያዟዟሩ እኩል ይሹት። ጥፍርዎ የሚገባበት ስንጥቅ ካገኙ ግን፣ በኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው በሚጠነክሩበት ማጣበቂያ) ሳይሞላ አይወርውሩት።